ማንአልሞሽ ወይስ ሐመልማል

ቅዳሜ ጠዋት ወይዘሮ ማንአልሞሽ ለአራሷ ገንፎ እያገነፉ ሳለ፣ ማይክሮዌቩ አጠገብ የተቀመጠችው ነጭ መሣሪያ ስማቸውን ጠራች። መሣሪያዋ የምራታቸው የሳምራዊ የሥራ ባልደረቦች አዋጥተው የገዟት፣ ሕፃኗ ስታለቅስ ድምፁን ከመኝታ ቤት ወደ ኩሽና የምታመጣ ሞኒተር ናት። ወይዘሮ ማንአልሞሽ አይወዷትም። አሜሪካ፣ ኖርዝጌት በሚባል ሰፈር፣ በወር ሁለት ሺህ ስድስት መቶ ዶላር የሚከፈልበት ይህ ቤት ግድግዳው እንኳን ለቅሶ ማዛጋትም አያስቀር፣ ደግሞ ራዲዮ ምን ያደርግለታል ባይ ናቸው። ያም ሆኖ ጠብቂያት ስለተባሉ ይጠብቋታል። አሁን ግን ሕፃኗ ተኝታለች። የሚሰማው የባልና ሚስቱ ክርክር ነው፤ መሣሪያዋ መከፈቷን ረስተዋል።

«የእናቴ ስም ማንአልሞሽ ነው» ይላል ልጃቸው ኢሳይያስ። «ሐመልማል የምትባል ሴት እኔ አላውቅም።»

«አታውቃትማ። ስለነጠቋቸው ነው የማታውቃት» አለች ሳምራዊ። «እስቲ አስበው፣ ኢሱ። አሥራ ስድስት ዓመታቸው ነው፣ ሰርጋቸው ነው፤ አንዲት ሴትዮ ትነሳና ከዛሬ ጀምሮ ስምሽ ይሄ ነው ትላቸዋለች። ኢትስ ኖት ኦኬ።»

«አንዲት ሴትዮ የምትያት አያቴ ናት፣ ኦኬ? አባዬ እስኪሞት ድረስ የጠራት በዚያ ስም ነው።»

የነገሩ መነሻ ይሄ ነው። የሳምራዊ ወላጆች ከአስመራ መጥተው አዲስ አበባ ወልደው የከበዱ ሰዎች ናቸው፤ በእነሱ ቤት የመጀመሪያዋ ሴት ልጅ የአያቷን ስም ትወስዳለች። ስለዚህ ይህችኛዋ በአባቷ እናት ስም ትጠራ ተብሎ ተወሰነ፤ ለአያትየው ሰርፕራይዝ እንዲሆን ደግሞ እንዳይነገራቸው ተስማሙ። ሐኪም ቤቱ እስከ ሰኞ ደውላችሁ ስሟን አሳውቁን ብሎ ነው የሸኛቸው። ሁሉም ነገር ያማረ ነበር፣ አያትየው ሁለት ስም ይዘው ባይገኙ ኖሮ። ይህን ያወጡት ታላቅ ወንድማቸው አቶ ወንዳፍራሽ ናቸው። ባለፈው እሑድ ስካይዌይ ከሚባለው ሰፈራቸው አራስ ሊጠይቁ መጥተው፣ ሶፋው ላይ ተደላድለው፣ «ሐመልማል፣ እስቲ ውሃ አምጪልኝ» አሉ። ሳምራዊ ሐመልማል ማን ናት ብላ ጠየቀች። እኅትየው ውሃውን ቀድተው እስኪመለሱ፣ አቶ ወንዳፍራሽ የቢቸናውን ሰርግ ከዳሱ እስከ ጠጁ ተርከውላት ጨርሰዋል። ኢሳይያስ አጎቱ እናቱን እንደዚያ ሲጠሯት ከልጅነቱ ጀምሮ ይሰማል፤ የቁልምጫ ስም ይመስለው ነበር።

የቁልምጫ አይደለም። ሐመልማል እናታቸው ያወጡላቸው ስም ነው። በዚያ አገር በዚያ ዘመን ሙሽራ የባሏን ቤት ደጃፍ ስትረግጥ አማቷ አዲስ ስም ያወጡላታል፤ ከዚያ በኋላ የድሮው ስም ከእናቷ ቤት ዕቃ ጋር እዚያው ይቀራል። እማማ አገሬ፣ ነፍሳቸውን ይማረውና፣ ሙሽራዋን ከላይ እስከ ታች አይተው «ማንአልሞሽ ብያታለሁ» አሉ፤ ሴቶቹ እልል አሉ፤ አለቀ። ያቺ ልጅ ምን እንዳሰበች የጠየቀ የለም። ከዚያ ወዲያ ባለቤታቸው አቶ ፍቅረ ሥላሴ፣ ጎረቤቱ፣ ዕድሩ፣ የአሜሪካ መንግሥት ሳይቀር በማንአልሞሽ ነው የሚያውቃቸው። ሆቴል ልብስ ያጥቡ በነበረበት ጊዜ ደግሞ ፈረንጆቹ ለምላሳቸው ሲሉ «ማና» አደረጓቸው። ወይዘሮ ማንአልሞሽ ይሄንንም ችለው፣ ማና ሲባሉ ዞር እያሉ፣ ጡረታ ወጡ።

እና አሁን ማማሰያውን ይዘው ቆመው፣ «ነጠቋቸው» የሚለው ቃል ጆሯቸው ላይ ቀረ። በሕይወታቸው እንደዚያ ብሎላቸው የሚያውቅ ሰው አልነበረም። ደስ ይበላቸው ወይስ ይክፋቸው አላወቁም። የምራታቸው መቆርቆር አንጀታቸውን አራሰው፤ ዳሩ ግን ነጠቋት የተባሉት ሴት አሥራ ሁለት ዓመት አብረዋቸው የኖሩ፣ ሲታመሙ እግራቸውን ያጠቡላቸው፣ አንድ ቀን ክፉ ቃል ያልሰሙባቸው አማታቸው ናቸው። ሌላም ነገር ነበር፣ ለራሳቸውም ለመናገር ያሳፈራቸው። ያኔ በቢቸናው ደጃፍ ሰው ስለስማቸው ሲወስን እሳቸው ሻሽ ተከናንበው ዝም ብለዋል። ዛሬም ግድግዳ ተሻግሮ ሰው ስለስማቸው ሲወስን እሳቸው ሽርጥ አድርገው ዝም ብለዋል። ይህን ሲያስቡ እጃቸው ቆመ፤ ገንፎው ጓጎለ። ወይዘሮ ማንአልሞሽ የጓጎለ ገንፎ ለአራስ አቅርበው አያውቁም። ደፍተው እንደገና አገነፉ፤ ቅቤና በርበሬውን መሐሉ ላይ አድርገው ለሳምራዊ ወሰዱላት። ባልና ሚስቱ ምንም እንዳልተነጋገሩ ሰዎች ፈገግ አሉላቸው። እሳቸውም ምንም እንዳልሰማ ሰው ፈገግ አሉና፣ ከጋሼ ዘንድ ጎመን አመጣለሁ ብለው ወጡ። ኢሳይያስ በመኪና ላድርስሽ ቢል አንተ ሚስትህን ጠብቅ አሉት።

በባቡር ከኖርዝጌት እስከ ሬኒየር ቢች፣ ከዚያ በአውቶቡስ ሽቅብ ወደ ስካይዌይ ነው። አቶ ወንዳፍራሽ ሚስታቸው ከሞቱ ወዲህ ብቻቸውን የሚኖሩባት ቤት፣ በሱዳን በኩል መጥተው ታክሲ ይነዱ በነበረበት ዘመን፣ ማንም ሰፈሩን ዞር ብሎ በማያይበት ጊዜ የገዟት ናት። ዛሬ ከጎናቸው ያለችው፣ ጣሪያዋ የጎበጠው፣ ስድስት መቶ ሺህ ዶላር ተሸጣለች። አቶ ወንዳፍራሽ ይህን ዜና በመጣ ሰው ሁሉ ላይ ይደግሙታል፤ ሲደግሙት ግማሽ ኩራት፣ ግማሽ የግብር ስጋት አለበት። እኅታቸው ሲደርሱ ከጓሮ ጎመኑን ውሃ እያጠጡ ነበር። ባለፈው ክረምት ልባቸው ከታከመ ወዲህ ቶሎ ይደክማቸዋል፤ የውሃውን ጎማ እንደያዙ በረንዳው ላይ ቁጭ አሉ። ወይዘሮ ማንአልሞሽም ከአጠገባቸው ተቀመጡ። ስለ ጎረቤቱ ቤት ዋጋ ሰሙ። ስለ ዝናቡ መዘግየት ተነሳ። ሚኒሶታ ያለችው የአቶ ወንዳፍራሽ ልጅ ሥራ ስለመቀየሯ ተነሳ። ከዚያ የሚነሳ ነገር ጠፋ። ከልጅነታቸው ጀምሮ እንዲህ ናቸው፤ ዋናው ነገር ሲቀርብ ሁለቱም አፋቸውን ይይዛሉ።

በመጨረሻ ወይዘሮ ማንአልሞሽ ወቀሳቸውን አወጡት። በሰው ቤት፣ በአራስ ፊት፣ የሃምሳ ዓመት ነገር መዘርገፍ ምን ይሉታል፤ ልጆቹ አሁን በእኔ ስም ተጣልተውልሃል አሏቸው። የሞኒተሯንም ነገር ነገሯቸው። አቶ ወንዳፍራሽ መጀመሪያ ሳቁ። ቀጥሎ፣ የሕፃኗ ስም ሐመልማል ሊሆን እንደሚችል ሲገባቸው፣ መሳቁን ተዉት።

«ለመልሱ የመጣሽ ቀን ትዝ ይልሻል?» አሉ።

እንዴት ትዝ አይላቸውም። ከሰርጉ በኋላ ሙሽሮቹ ወደ ልጅቷ ወላጆች ቤት ለመልስ ሲመለሱ፣ እናቷ ከበር ተቀብለው፣ የሙሽራው ዘመዶች ዙሪያውን ቆመው እየሰሙ ስለነበር፣ «እንኳን ደህና መጣሽ፣ ማንአልሞሽ» አሉ። ወጉ ያ ነው፤ አማት ያወጡትን ስም እናት ካልጠራች ድፍረት ይሆናል። ልጅቷ በሰርጉ ቀን አላለቀሰችም። ያን ቀን ግን ከጓዳ ገብታ እህል ከተቀመጠበት ጎታ ጀርባ ቆማ አለቀሰች። ወንድሟ ተከትሏት ገብቶ ሐመልማል ብሎ ጠራት። ከዚያ ቀን ጀምሮ፣ አባታቸው ቢቆጡም፣ ባሏ ፊት ቢሆንም፣ ሱዳን ሆኖ በሚልከው ደብዳቤ ላይም ቢሆን፣ ሌላ ስም ጠርቷት አያውቅም።

«ስሙን ያወጡልሽ እናታችን ከሞቱ ወዲህ እኔ ብቻ ነኝ የቀረሁት» አሉ አቶ ወንዳፍራሽ። «እኔ ስሞት ማን ይጠራሻል? ለዚህች ልጅ ይስጧት። ካልሆነ ከእኔ ጋር ይቀበራል።»

ወይዘሮ ማንአልሞሽ ተነስተው ጎመኑን ቀነጠሱ፤ አቶ ወንዳፍራሽ ፌስታል አመጡላቸው። ሲሰነባበቱ አቶ ወንዳፍራሽ ከወትሮው የበለጠ አቅፈው ያዟቸው፤ ጎማውን ሳይዘጉት ረስተው ውሃው ደረጃው ላይ ይፈስ ነበር።

ሲመለሱ ባቡሩ ጭር ያለ ነበር። ወይዘሮ ማንአልሞሽ ፌስታላቸውን ጭናቸው ላይ አድርገው፣ ወንድሜ እውነቱን ነው ብለው ራሳቸውን አሳመኑ። ሳምራዊም እውነቷን ነው። የተነጠቀ ስም ለልጅ ልጅ ይመለሳል፤ ከዚህ የበለጠ ምን ያምራል። እስቲ ልልመደው ብለው በሹክሹክታ ሞከሩት። ሐመልማል፣ ነይ ጡት ጥቢ። ሐመልማል፣ ጫማሽን አውልቂ። ሐመልማል፣ ትምህርት ቤት እንዴት ነበር። ሦስተኛው ላይ ሲደርሱ ደረታቸው ውስጥ የሆነ ነገር ቆነጠጣቸው። ምን እንደሆነ ለማወቅ ጊዜ አልወሰደባቸውም፤ ቅናት ነበር። ገና እምብርቷ በቅጡ ባልደረቀ ሕፃን ቀኑ። ልጅቷ ያን ስም ቀኑን ሙሉ ትጠራበታለች፤ አባቷ ይጠራታል፣ እናቷ ትጠራታለች፣ መምህሯ አፏን አጣማም ቢሆን ትጠራታለች። እሳቸው ግን ጠሪ ይሆናሉ እንጂ ተጠሪ አይሆኑም። በልጅ ልጅ የሚቀና አያት ምን ዓይነት ነው ብለው አፈሩ፤ ወደ መስኮቱ ዞረው ነጠላቸውን አስተካከሉ። ቅናቱ ግን በማፈር አልሄደላቸውም።

ኮሎምቢያ ሲቲ የሚባለውን ጣቢያ ሲያልፉ የእማማ አገሬ ለቅሶ ትዝ አላቸው። ለቅሶው አዲስ አበባ፣ ጉለሌ፣ ከቤታቸው ደጅ በተተከለ ድንኳን ነበር። በሦስተኛው ቀን አንድ ሽማግሌ፣ ከሩቅ አገር በአውቶቡስ የመጡ፣ አቧራ የለበሱ፣ ከድንኳኑ አፍ ላይ ቆመው «ወይንሸት! እኅቴ ወይንሸት!» እያሉ ደረታቸውን መቱ። ለቀስተኛው እርስ በርሱ ተያየ። ወይንሸት የምትባል ሰው በዚያ ቤት የለችም። የዕድሩ ዳኛ ደግ ሰው ነበሩ፤ ሽማግሌውን በክብር ይዘው፣ አባቴ ቤት ተሳስተው ይሆናል፣ ከታች መንደር ሌላ ለቅሶ አለ ብለው እስከ መንገዱ ድረስ ሸኟቸው። ሽማግሌው መንገደኛ ናቸው፣ አገሩን አያውቁም፤ እያለቀሱ ወደ ታች ወረዱ። የገባቸው ማንአልሞሽ ብቻ ነበሩ። የእኅቱን አዲስ ስም አልጠራም ያለ ወንድም እሳቸውም ነበራቸውና። በነጠላ ጫማ ሮጠው፣ ሽማግሌው የማያውቁት ሰው ሬሳ አጠገብ ሊቀመጡ ሲሉ ደርሰው፣ እጃቸውን ይዘው መለሷቸው። አገሬ ያገቡ ዕለት የተሰጣቸው ስም ነበር። አብረው አሥራ ሁለት ዓመት ሲኖሩ፣ እማማ አገሬ አንድ ቀን እንኳ እኔም ሌላ ስም ነበረኝ ብለው አልነገሯቸውም። የተደረገባቸውን ነው ያደረጉት። ወይዘሮ ማንአልሞሽ ያኔ ያዘኑት ለእማማ አገሬ ብቻ ነበር፤ ዛሬ ባቡር ውስጥ ሆነው ለራሳቸውም ፈሩ። ስሙ ለሕፃኗ ከተሰጠ፣ ሐመልማል እያለ የሚያለቅስላቸው ሰው ቢመጣ የት ነው የሚልኩት? የመዋዕለ ሕፃናት መንገድ ያሳዩት ይሆናል።

ኖርዝጌት ሲወርዱ የሚያደርጉትን ያውቁ ነበር።

ቤት ሲገቡ ኢሳይያስ በሩ ላይ ነው የተቀበላቸው። ስልክሽን ለምን አታነሺም፣ ስንት ጊዜ ኮል አደረግኩ ብሎ ቅር አለው። ሳምራዊ ሳሎን ሶፋው ላይ ሕፃኗን ታጠባለች፤ ከሰዓት በኋላ የገባ ጠያቂ ያመጣው የፍራፍሬ ጭማቂ ጠረጴዛው ላይ ተደርድሯል። የሁለቱም ፊት የሚያሳየው ክርክሩ እንዳላለቀ ነበር። ወይዘሮ ማንአልሞሽ ጎመኑን ኩሽና አስቀምጠው፣ እጃቸውን ታጥበው፣ ያቺን ነጭ መሣሪያ ይዘው መጡና ጭማቂዎቹ መሐል ቁጭ አደረጓት። ሳምራዊ መሣሪያዋን አየች፣ የበራውን አረንጓዴ መብራት አየች፣ ከዚያ አፏን በእጇ ሸፈነች።

«እማ፣ ሰርፕራይዝ ልናደርግሽ ነበር» አለ ኢሳይያስ።

«አውቃለሁ» አሉ። «ተቀመጥ።»

ተቀመጠ። ወይዘሮ ማንአልሞሽም ከፊታቸው ወንበር ስበው ተቀመጡ። መቆጣት አልፈለጉም። «በእኔ ስም ልጃችሁን ልትጠሩ በማሰባችሁ ልቤ ሞልቷል። እሱን እወቁልኝ። ግን ያን ጊዜ ስሜን ሲቀይሩት አልጠየቁኝም፤ ይሄው ዛሬም የቱን እንደምትሰጡ ስትነጋገሩ አልጠየቃችሁኝም። አርጅቻለሁ። ከእንግዲህ ደግሞ መቼ ልጠየቅ ነው?»

ኢሳይያስ መሬት መሬት ያይ ጀመር። ከዚያ እጁን ዘርግቶ ሞኒተሯን አጠፋት። በጠዋት ለአማቷ ስትሟገት የነበረችው ሳምራዊ ዓይኗ እንባ ሞልቶ ነበር። ነጠቋቸው እያለች የጮኸችበትን ነገር ራሷ ግድግዳ ተከልላ፣ ሳታስበው፣ ስትደግመው እንደነበር ገባት።

«ይቅርታ፣ እማማ» አለች። «ሶ፣ አሁን ልጠይቅዎት። የቱን ይወዳሉ?»

ጥያቄው ቀላል ነው። ወይዘሮ ማንአልሞሽ በባቡር ሲመጡ መልሱን አዘጋጅተዋል። ግን ሰው እንደዚያ ብሎ ሲጠይቃቸው ይህ የመጀመሪያው ስለሆነ፣ ትንሽ ይቆይልኝ ብለው ዝም አሉ።

«ማንአልሞሽን ስጧት» አሉ በኋላ። «ጥሩ ስም ነው። ሴትየዋ በክፋት አልሰጡኝም፣ ሳምራዊዬ። ሳይጠይቁኝ ነው የሰጡኝ፣ በፍቅር ነው የሰጡኝ፤ ሁለቱም ልክ ነው። ባሌ ወዶኝ የኖረው በዚያ ስም ነው። ይሄን ልጅ ያሳደግኩት በዚያ ስም ነው። በደንብ ኖሬበታለሁ፤ ለሰው ብሰጠው አይቆጨኝም።»

ኢሳይያስ ቀና አለ። ያሸነፈ ሰው ፊት አልነበረውም። አባቱን ያሰበ ይመስላል፤ ዓይኑን በክንዱ ጠረገ። ሳምራዊ ግን ገና አልገባትም። «ሐመልማልስ?» አለች። «እንደገና ሊጠፋ ነው?»

«ሐመልማልን አልሰጥም» አሉ። «የእኔ ነው። ገና አልጠገብኩትም።»

ይህን ብለው ራሳቸው ደነገጡ። በዕድሜያቸው ሙሉ አልሰጥም ብለው አያውቁም፤ የለበሱትን ቢጠየቁ አውልቀው የሚሰጡ ሰው ናቸው። ተቆጡብኝ ይሆን ብለው የልጆቹን ፊት አዩ። ኢሳይያስ አጎቱ እናቱን ለምን እንደዚያ እንደሚጠሯት በቀስታ ጠየቃቸው፤ እሳቸውም ስለ መልሱ ቀን ነገሩት፣ ጉለሌ ድረስ መጥተው ለቅሶ ስላጡት ሽማግሌ ነገሩት። አያቱ ወይንሸት ይባሉ እንደነበር ሲሰማ ስሙን ሁለቴ ደገመው። እኔ መቼም እማ ነው የምልሽ፣ በስምሽ ብጠራሽ ደስ አይለኝም አለ። እሱን አንተ አትንካው፣ እማ ይበቃኛል አሉት። ጎረቤት ቢጠይቅ፣ ቤተ ክርስቲያን ሰው ቢጠይቅ ግን ማን ብለህ እንደምትናገር አሁን ታውቃለህ አሉት። አውቃለሁ አለ።

ሕፃኗ ጥጋብ ተሰምቷት ጡቱን ለቀቀች። ሳምራዊ ልብሷን አስተካክላ ተነሳች፤ አራስ ስለሆነች ቀስ ብላ፣ ሶፋውን ተደግፋ። ወደ አማቷ መጥታ ፊት ለፊታቸው ቆመች። እስከዛሬ እማማ ከማለት በቀር በስም ጠርታቸው ስለማታውቅ፣ ከንፈሯ መጀመሪያ ያለ ድምፅ ሞከረው።

«እትዬ ሐመልማል» አለች፣ «እስቲ ማንአልሞሽን ይያዙልኝ።»

ወይዘሮ ሐመልማል እጃቸውን ዘርግተው ተቀበሏት።